ዋጋ ለቆረጣችሁልን ሁሉ

ይድረስ፦ በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ የወጪ ንግድ ላይ የ150 በመቶ ግብር ለጣላችሁ፤ በ2003 ዓ.ም. የዘይትና የስኳር ተመን በየሱቁ ግድግዳ ላስለጠፋችሁ፤ በ2016 ክረምት ብር ሲወርድ ሱቅ ላሸጋችሁ። ያኔ በወንበሩ ላይ ለነበራችሁም፣ ዛሬ ላላችሁም።

ጉዳዩ፦ መርዶ ስለማድረስ

ክቡራን ሆይ፣

የምጽፍላችሁ ከሰበታ ነው። ደብዳቤዬን አቤቱታ አትበሉት፤ አቤት የሚባለው ገና ሊመለስ ለሚችል ነገር ነው። አባቴ ሞቷል። የቆዳ መጋዘኑ ዛሬ ሌላ ሰው ተከራይቶት ብሎኬት ይከምርበታል። በአገራችን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዓመት ቆይቶም ቢሆን ደጅ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል። ከእናንተ ግን እስከ ዛሬ ብቅ ያለ የለም። ምናልባት አልሰማችሁ ይሆናል ብዬ መርዶውን ራሴ ላደርስ ተነሳሁ። የሞተው አባቴ ብቻ አይደለም፤ ይኖርበት የነበረው ገበያም አብሮት ሞቷል።

አባቴ የበግና የፍየል ቆዳ ነጋዴ ነበር። በፋሲካ ማለዳ ልጆች በየሰፈሩ «ቆዳ! ቆዳ አለ?» እያሉ ይዞራሉ። ከቀትር በኋላ የቡራዩው በጋሪ፣ የሱሉልታው በአይሱዙ ተጭኖ ሰበታ ይደርሳል። እኛ ቤት የበዓል ምሳ የሚበላው ማታ ነበር፤ ቆዳ ቀጠሮ አያውቅማ። ከተገፈፈ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ ጠጉሩ መርገፍ፣ የሥጋው በኩል መሽተት ይጀምራል። አባቴ እያንዳንዱን ቆዳ ጠጉሩን ወደ መሬት አድርጎ ይዘረጋዋል። በአውራ ጣቱ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጭራው ይዳስሰዋል፤ ገፋፊው ቸኩሎ ቢላ ያሳረፈበትን ቦታ ዓይኑ ሳያይ ጣቱ ያገኘዋል። ከዚያ ወደ አምፖሉ አንስቶ በብርሃን ያየዋል። ደረጃውን በቃሉ ይናገራል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ጨዉን በእፍኙ ይበትንና በመዳፉ ያሸዋል። መዳፉ ዓመቱን ሙሉ ስንጥቅጥቅ ያለ ነበር።

ያ ቆዳ ተራ ቆዳ አልነበረም። የደጋችን በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት የሚመረጥ ነው፤ የእንግሊዙ የቆዳ ድርጅት ፒታርድስ ለረጅም ዘመን የሠራው በዚሁ ቆዳ ነው። ከሱሉልታ ወደ ፍቼ የሚያወጣውን መንገድ ይዞ የሚወርደው የሰላሌ ቆዳ ሲደርስ አባቴ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ዋጋ ሲከራከር እንኳ ቆዳውን አያንቋሽሽም። ይህ ለነጋዴ ትልቅ ድክመት ነው፤ እናቴም ሁልጊዜ ትነግረው ነበር።

ግብሩን የጣለው አዋጅ ቁጥር 567/2000 ሲወጣ ሐሳባችሁን ተረድተነዋል። ጥሬውን ለውጭ ገዢ ከመሸጥ እዚሁ አልፍቶ፣ ጫማና ጓንት አድርጎ መሸጥ ይሻላል አላችሁ። ማን ይቃወማል? አባቴም አልተቃወመም፤ ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጦ «ይበጅ» ነው ያለው። በ2004 ግብሩን ክረስት ወደሚባለው፣ ማጠናቀቂያው ብቻ ወደቀረው ቆዳም አሰፋችሁት። በ2006 የጥሬ ቆዳ ግብይት አዋጅ ቁጥር 814 ተጨመረ፤ ማን ከማን፣ የት ቦታ እንደሚገዛም ተደነገገ።

«እኛ ለቆዳ ዋጋ አልተመንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ቁጥር አልጻፋችሁም። የውጭ ገዢውን በግብር አስወጥታችሁ ሻጩን ከጥቂት ፋብሪካዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቆለፋችሁበት እንጂ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ከበዓል በፊት መቶ ብር ይጠራበት የነበረው የበግ ቆዳ ዓመት በዓመት እየወረደ ሄዶ ሄዶ አሥር ብር ላይ ደረሰ። ከዚያም የሚያነሳው ጠፋ። በፋሲካ ማግሥት በቡራዩ ቦይ ውስጥ፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ውሻ የሚጎትተውን ቆዳ እናንተም በመኪናችሁ ስታልፉ አይታችሁታል፤ መስኮቱን ዘግታችሁ ይሆናል፣ ይሸታላ።

ጨው ግን በነፃ ገበያ ነበር። ከአፍዴራ የሚመጣውን ጨው ያወረደልን አዋጅ የለም፤ የጫኝ አውራጁን፣ የናፍጣውን፣ የመጋዘኑን ኪራይ ያወረደልንም የለም። አንድ ቀን አባቴ አንድ ቆዳ የሚፈልገውን ጨው መዘነና ሒሳቡን ሠራ። ጨዉ ከቆዳው በለጠ። ደጋግሞ ሠራው። ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ጨዉን ብንሸጠው ይሻላል» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ፋብሪካዎቹስ ከበሩ? ርካሽ ጥሬ ዕቃ ያገኘ አምራች መክበር ነበረበት፤ የአዋጁም ስሌት ይኸው ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ማብቂያ፣ በ2007፣ ቆዳና የቆዳ ውጤት ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስገባል ተብሎ ነበር። የገባው የዚያን ሲሶ አልሞላም። ያለቀ ቆዳ ለማውጣት ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ይጠይቃል፤ ኬሚካሉ ዶላር፣ ዶላሩም የባንክ ወረፋ ይጠይቃል። ወረፋ ላይ ያለ ፋብሪካ የማልፊያ ከበሮው ቆሞ ሠራተኛ ይከፍላል። የሚያቆየው ታዲያ የእኛን ገንዘብ ነው። አባቴ ከገበሬው በጥሬ ብር ገዝቶ ለፋብሪካ በዱቤ ነበር የሚያስረክበው። ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ «ዛሬ ነገ» ሲለው ቆይቶ በሩን ዘጋ። የጥበቃ ሠራተኛው እንኳ የሦስት ወር ደመወዝ እንደቀረበት ነግሮናል፤ በማን ላይ እንጩህ?

አሁን ወደ በጉ ልመለስ፤ ከሁሉም በፊት ያለው እሱ ነው። በእከክ የተነካ ቆዳ የሚመጣው በጠጉሩ ውስጥ ከሚራቡ ጥቃቅን ተባዮች ነው። በጉ እየታከከ ጠጉሩን ያበላሻል፣ ቆዳውም ነጠብጣብ ያወጣል። መድኃኒቱ ርጭት ወይም ማጥለቅ ነው፤ ገንዘብ ያስወጣል። አባቴ አንድ የሱሉልታ ገበሬን «ኦቦ፣ እባክዎ በጎቹን ያስረጩልኝ፣ ቆዳው እየተበላሸብኝ ነው» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው «ለማን ብዬ? ለአሥር ብር?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ዋጋው ሲወርድ ጥንቃቄው ቀረ፤ ጥንቃቄው ሲቀር ጥራቱ ወደቀ፤ ከዚያ «የአገር ውስጥ ቆዳ ጥራት የለውም» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። በስብሰባው ላይ ለገበሬው ግንዛቤ ይሰጥ ተባለ። ግንዛቤ! ገበሬው ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶታል።

ጠጉሩንም ማንም አላሰበውም። ደጋው በጠጉር የኖረ አገር ነው፤ የመንዝ ባና፣ የባላገሩ በርኖስ ከየት መጣ? ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የቆመው በአጠገቡ ጠጉር ያለው በግ ስላለ ነው። በቆዳ ፋብሪካ ግን ጠጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይላጥና ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል። ሰበታ ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ቆዳው ዋጋ ቢኖረው አርቢው በጉን ይንከባከብ ነበር፤ በጉን ቢንከባከብ የሚሸለተውም ጠጉር ይጠራ ነበር። በአንድ በግ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ አዋጅ አበላሻችሁ።

ለቆዳ ብቻ አላዝንም። በ2003 ጥር ንግድ ሚኒስቴር ለዳቦ፣ ለስኳር፣ ለዘይት፣ ለሥጋ፣ ለሩዝ፣ ለቢራ ሳይቀር የዋጋ ጣሪያ ሲያበጅ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለ አምራች ሁሉ እንደ እኛ ሆነ። ከወራት በፊት፣ በ2002 ነሐሴ መጨረሻ፣ ብር ከዶላር አንጻር በአንድ ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህል ወርዶ ነበር። የውጭው ዕቃ በዚያው መጠን ተወደደ፤ የመሸጫው ዋጋ ግን ባለበት ይቁም ተባለ። በወለጋ መንገድ በቡራዩ በኩል የሚገባውን ኑግ ገዝቶ የሚጨምቅ ሰው፣ ኑጉን በገበያ ዋጋ ይገዛል፣ ዘይቱን በተመን ይሽጥ ተባለ። ከዚያ ደግሞ መንግሥት ራሱ ፓልም አስመጥቶ በድጎማ ዋጋ አከፋፈለ። ጨማቂው ምን ያድርግ? መኪናውን አቆመ። ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ሰልፉ ረዘመ፤ ተመኑም ወራት ሳይቆይ ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሳ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዋጋ ግሽበቱ፣ በራሱ በመንግሥት ስታቲስቲክስ፣ ከ40 በመቶ አለፈ። ሊያወርድ የመጣው ተመን ያወረደው ነገር ምን ነበር?

የሰበታ ሰው ያኔ አንድ ቀልድ ነበረው። ሜታ አቦ ቢራ የመንግሥት ነው፣ ተመኑም የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ራሱን ይቀጣል እንል ነበር። በዓመቱ ፋብሪካውን ለመጠጥ ኩባንያው ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጣችሁት። እናንተ ከተመን ስትወጡ የምትሸጡት ነገር ነበራችሁ፤ ጨማቂውና ዳቦ ጋጋሪው ግን አልነበራቸውም።

ሌላ አገርም በዋጋ ተመን ተቃጥሏል፤ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ለሱፍ ዋጋ ወለል አበጅታ ነበር፤ የእኛ ተገላቢጦሽ ማለት ነው፤ አርቢው እንዳይጎዳ ከዚህ በታች አይሸጥም ብላ። በፈረንጆች 1988 ወለሉን በኪሎ 870 ሳንቲም አደረሰችው። ገዢው በዚያ ዋጋ አልገዛም አለ፤ ወለሉን የሚጠብቀው ድርጅት እየገዛ አከማቸ። በፈረንጆች 1991 የካቲት ወለሉ ሲፈርስ በመጋዘን የተከመረው ሱፍ ከ4 ሚሊዮን ተኩል እስር በላይ ነበር። አርቢዎች በጎቻቸውን በጥይት እየገደሉ በጉድጓድ ቀበሩ። ልዩነታችን አንድ ነው፦ እነሱ ስህተቱን በአደባባይ ተናዘዙ፣ ክምችቱንም ዓመታት ፈጅተው ሸጠው ጨረሱ። እኛ ዘንድ ቦይ ውስጥ ስለተጣለው ቆዳ የተናዘዘ አላየሁም።

በጎ ነገር አልነበረም አልልም። ከግብሩ በኋላ የጫማ ፋብሪካ ተከፍቷል፣ የሰፈሬ ሴቶች ተቀጥረዋል፤ እህቴ እንኳ ጥቂት ጊዜ ሠርታበታለች። ጥሬ ዕቃን እያወጡ መሸጥ ለዘላለም አያዋጣም የሚለውን እኔም አምናለሁ። ግን ለፋብሪካው የሚሰጠው ድጎማ ከመንግሥት ካዝና ቢወጣ ኖሮ በበጀት ላይ ይታይ፣ በምክር ቤት ይጠየቅበት ነበር። ከሱሉልታው ሽማግሌ በግ ጀርባ ላይ ሲወጣ ግን የሚያየው የለም፤ ደረሰኝ እንኳ አይቆረጥለትም። የተጣለባቸውም ግብር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

በ2016 ሐምሌ ብር በገበያ ይወሰን ስትሉ «እንግዲህ ገባቸው» ብዬ ነበር። የዶላሩ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሄደ። በዚያው ሰሞን ዋጋ ጨመራችሁ እየተባለ ሱቅ መታሸግ ጀመረ። አንድ ቀን ዶላርን ለቀቃችሁ፣ በማግሥቱ በዚያ ዶላር የገዛውን አሸጋችሁ። የጎረቤቴ በር ላይ ያረፈው ወረቀት በዝናብ ረግፎ እስኪወድቅ ድረስ ማን እንደፈረመበት እንኳ ማንበብ አልቻልንም።

ካሳ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። አዋጅ 567ን ስታዘጋጁ ከአርቢው ቆዳ ላይ ስንት ብር እንደሚቀንስ አስልታችሁ ነበር? አስልታችሁ ከሆነ ያንን ገጽ አሳዩን። ካላሰላችሁም አላሰላንም በሉ፤ እሱም መልስ ነው። በእኔ በኩል የአባቴ ደብተር በእጄ አለ፦ ቀኑ፣ ደረጃው፣ የገዛበት፣ የሸጠበት፣ ያልተከፈለው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በልጅነት ጽሕፈቴ ናቸው፣ ኋለኞቹ በእሱ። ለማመሳከር ካስፈለጋችሁ ይዤ እመጣለሁ፤ ቅጂ ግን አንሥታችሁ ዋናውን ትመልሱልኛላችሁ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ የሦስታችንም አድራሻ አንድ ሆኗልና እኛን ለማግኘት አትቸገሩም።

ከሰላምታ ጋር፣
የሰበታው ቆዳ ነጋዴ ልጅ