አጎቴ አረንጓዴ ሆነ

እናቴ ፎቶውን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። አገላብጣ አየችው። «ምነው ልጄ፣ ወንድሜን ምን ነካው? ፊቱ አረንጓዴ ሆነ እኮ!» አለችኝ።

የታናሽ ወንድሟ ፎቶ ነው። በ1969 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ግንባር ሊዘምት ሲል ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣው ጥቁርና ነጭ ፎቶ። አልተመለሰም። ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም፤ ይኸውም ከመዳፍ አይበልጥም፣ አንዱ ጠርዙም ተሰንጥቋል። መልኩን አጥርታ የምታስታውሰው እናቴ ብቻ ናት፤ የእሷም ዓይን እየደከመ ነው። ስለዚህ አሳድጌ ለእሷም ለእህቶቼም ላትምላቸው ቃል ገብቼ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ያለው ልጅ ሱፍ ሊያለብሰውና ከኋላው ፏፏቴ ሊያደርግለት ቃጣው። «ጋሼ፣ ከለር ብናደርገው እኮ ያምራል!» አለኝ። ፎቶዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤት ባለችው ባለ 4 ቀለም ፕሪንተር ራሴ አተምኩት። አረንጓዴው ፊት የመጣው ከእሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም። ወረቀቱ ላይ የምናየውን ግራጫ በአብዛኛው የሚሠራው ሰማያዊውን፣ ማጀንታ የሚባለውን ቀይና ቢጫውን እያቀላቀለ ነው። ሚዛኑ ጥቂት ካጋደለ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ይሄዳል። የልደት ኬክ ፎቶ ላይ ማንም ልብ አይለውም፤ ጥቁርና ነጭ ላይ ግን የመጀመሪያው የሚታይ ነገር እሱ ነው። ይባስ ብሎ በመስኮት ብርሃን ደህና የመሰለው ማታ አምፖል ሥር ሌላ መልክ ያመጣል። «በጥቁር ብቻ አትም» የሚለውንም ሞክሬዋለሁ፤ አጎቴ ጉንጩ ላይ አሸዋ የተበተነበት መሰለ።

ሌላ ፕሪንተር ፍለጋ ወጣሁ። ሻጮቹ ሁሉ የሚነግሩኝ የቀለሙን ብዛት ነው፤ «6 ቀለም ነው፣ ለፎቶ ነው» ይሉኛል። እኔም 6 ከ4 ይበልጣል ብዬ ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር። ዋናው ጥያቄ ግን ስድስቱ ምን ምን ናቸው የሚለው ነው። የኤፕሰን ኤል8050 ስድስት ቀለም አለው፤ ከአራቱ የተለመዱት ሌላ የጨመረው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ፈዘዝ ያለ ማጀንታ ነው። ለሠርግና ለልደት ፎቶ ጥሩ ነው። የዚያው ድርጅት ኤል8160ም ስድስት ነው፤ የዚህ ጭማሪ ግን ግራጫና የፎቶ ጥቁር ናቸው። ለአጎቴ የሚሆነው ይኼኛው ነው፤ ግራጫው ጠርሙስ ውስጥ ስላለ ቀለማቱን ቀላቅሎ የሚፈጥረው ይቀንሳል።

ከዚያ በላይም አለ። የኤፕሰን ፒ700 አሥር ቀለም ሲኖረው አራቱ ከጥቁርና ከግራጫ ወገን ናቸው፤ ቀለሙም ፒግመንት የሚባለው፣ ብርሃንን የበለጠ የሚችለው ዓይነት ነው። የካኖን ፕሮ-200 ስምንት አለው፤ አንድ ጥቁርና ሁለት ግራጫ። እውነቱን ለመናገር ውጤታቸው ያስቀናል። ነገር ግን የሚሠሩት በትንንሽ ካርትሪጅ ነው፤ የፒ700 አንዷ ካርትሪጅ 25 ሚሊ ሊትር ብቻ ትይዛለች። አንዷ ብታልቅ ማሽኑ እሷ እስክትገኝ ሥራ ይፈታል። አስሩም ሁልጊዜ ሊገኙ ይችላሉ ብሎ መተማመን ለእኔ ዓይነቱ ደፋር አያሰኝም፣ ሞኝ ያሰኛል እንጂ።

ኤል8160ን ወሰድኩ። ከመክፈሌ በፊት ግን የአጎቴን ፎቶ በፍላሽ ይዤ ሄጄ «ይህንኑ አትሙልኝና ልይ» አልኩ። ሻጩ ፊቱን አጠቆረ፤ የሚያሳየው የራሱ የበቀቀን ፎቶ ነበረው። ቀይና ቢጫ በቀቀን የትኛውም ፕሪንተር ላይ ያምራል። አልለቅም ስል አተመልኝ። ወረቀቱን ይዤ በር ላይ በፀሐይ፣ ውስጥ ገብቼ በመብራት አየሁት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ሥራ ከፈታ ሄዱ ይደርቃል። እኔ በየሳምንቱ እሑድ አንዲት ትንሽ ባለ ቀለም ፎቶ አትማለሁ። የማጠፋውም በራሱ ቁልፍ ነው፣ ሶኬት ነቅዬ አይደለም፤ በቁልፉ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ክዳኑ ተመልሶ ይዘጋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ክፍቱን ሊቀር ይችላልና መብራቱ እንደመጣ አብርቼ በወጉ አጠፋዋለሁ። በዓመት አምስትና ስድስት ፎቶ ብቻ የምታትሙ ከሆነ ደግሞ አትግዙ፤ ግራጫ ቀለም ያለው ማሽን ያለውን ቤት ጠይቃችሁ አሳትሙ። ፎቶው ሲነሣም ሆነ ስካን ሲደረግ ጊዜ ስጡት፤ እኔ በ600 ዲፒአይ ነው ያነሣሁት። የወረቀቱንም ዓይነት ኮምፒውተሩ ላይ በትክክል ምረጡ፤ ማሽኑ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

እሑድ ከሰዓት አዲሱን ለእናቴ ሰጠኋት። እንደ በፊቱ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ዝም ብላ ብዙ ቆየች። በድሮው ህትመት የኮቱ ኮሌታ ጠቁሮ የተዋጠ ነበር፤ አሁን ግን የጨርቁ እጥፋት ሁሉ ይታያል።

«ቁልፉ ተበጥሶበት ነበር» አለችኝ ጣቷን ኮሌታው ላይ አሳርፋ። «ይቺን መርፌ ቁልፍ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ።»

መርፌ ቁልፍ መኖሩን እኔ አላየሁም ነበር። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልኩ፤ አለ።