የተሳሳተ የመድኃኒት ወሬ ስለ ማረም

የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብልና ፌጦ የሚበላ ሰው በበሽታው አይያዝም የሚል ወሬ በፌስቡክና በቴሌግራም ወደየቤቱ ገባ። የዓለም የጤና ድርጅት፥ ነጭ ሽንኩርት ለጤና የሚስማማ ምግብ ቢሆንም ከዚህ በሽታ ለመጠበቁ ማስረጃ እንደሌለ አስታወቀ፤ ወሬው ግን ከማስታወቂያው ቀደመ። እኔም ራሴ ዝንጅብል መግዛቴን አልክድም።

በዚያው ወራት በሐይቅ አገር ተወላጆች በሆኑ ዘመዳሞች መካከል የሆነውን ላውጋችሁ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ወሬውን በቴሌግራም ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ላኩት። የወንድማቸው ልጅ የሕክምና ሠራተኛ ነበረችና አንብባ ዝም አለች፤ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ሆኖ ታይቷት ነበር። ማታ ግን አክስቷ ደውለው፥ «እንግዲህ ፌጦውን ከወሰድሁ ለቅሶ ብደርስ ምን አለበት?» ብለው ጠየቋት። ያን ጊዜ ይሉኝታውን ትታ ሁሉም በሚያነቡት ስፍራ፥ «ጋሼ፥ ፌጦው ምግብ ነው፤ በሽታውን ግን አይከለክልም፤ እርስዎም ከሰው መካከል እንዳይገቡ እለምንዎታለሁ» ስትል ጻፈች።

ሰው ሌላውን የሚያርመው አዋቂ ለመባል ነው የሚሉ አሉ፤ እንዲህ ያለም አይጠፋም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ብዙው ሰው ለማረም የሚነሣው የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ በስሙ ሲያውቀው ነው። ሌቲሺያ ቦድና ኤምሊ ቭራጋ የተባሉ የአሜሪካ ምሁራን፥ ስለ ዚካ በሽታ በፌስቡክ የሚነገረውን ሐሰት መርምረው በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከታመነ ምንጭ ጋራ የቀረበ እርማት፥ ከተራ ሰው ቢመጣም፥ የተመልካቹን የተሳሳተ እምነት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እንግዲህ የላከው ሰው ባይመለስ እንኳ ዝም ብሎ የሚያነበው ይጠቀማል።

ይህ ለሐይቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ በመጻሕፍት የታወቀ ነውና። የብራና ጸሐፊ የሳተውን ፊደል ፍቆ ካላረመ፥ ከእርሱ የሚገለብጠው ሁሉ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ መገልበጡ በጣት አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ሆኗል።

አክስቲቱ ከቤታቸው ሳይወጡ ለቀስተኞቹን በስልክ አጽናኑ። ሽማግሌው ሦስት ቀን መልስ ሳይሰጡ ቆዩ፤ በአራተኛው ቀን ስለ ፌጦው ምንም ሳያነሡ፥ «አንቺስ ከበሽተኞች ጋራ ስትውይ እንዴት ነሽ?» ብለው ጻፉላት።