ባሌስትራ ከተጨመረ በኋላ ፍሬኑ ለምን ደከመ?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በገበያ ቀን በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አውራ ጎዳና ዳር ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ተመልከቱ። አንዱ በቆሎና በርበሬ እንዲበዛለት ባሌስትራ ተጨምሮበታል፤ ሌላው ከልኩ የሚበልጥ ጎማ ለብሷል፤ ሦስተኛው የጭነት መኪና ሆኖ ተወልዶ፣ ላሜራ ተቀጥቅጦ አውቶቡስ ሆኗል፤ ይኸውም ሁላችን ቅጥቅጥ የምንለው ነው። ሁሉም መንገዱን ይችሉታል። ፍሬናቸው ግን የዱሮው ነው።

ሾፌሩ «ፍሬኑ ደከመ» ባለ ጊዜ ብዙው መካኒክ የሚጀምረው ሸራ በመለወጥ ነው። ሸራው ካለቀ ተገቢ ነው። አዲስ ሸራ ገብቶም መኪናው አልቆም ካለ ግን መጠየቅ የሚገባው፣ መኪናው ላይ ምን ተጨመረ ተብሎ ነው።

በጎማው እንጀምር። ፍሬን ጎማውን የሚይዘው ከመካከሉ ነው፤ መሬት የሚታገለው ግን ከጠርዙ። ስለዚህ ጎማው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ቢተልቅ፣ በዚያው የእግር ግፊት የሚገኘው የማቆም ኃይል ከመቶ 9 ያህል ይጎድላል።

የባሌስትራው ነገር ከዚህ ይረቃል። በብዙ ፒካፖችና ቀላል የጭነት መኪናዎች፣ ከኋላው አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ሥራው ሸክም መመዘን ነው። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፤ ዘንጉ ይህን ለቫልቩ ያስተላልፋል፤ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይጨምራል። ባሌስትራ ከተጨመረ ግን ጭነት ቢከመርበትም ኋላው እንደ ልማዱ አይወርድም። ቫልቩ መኪናውን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የኋላውን ፍሬን ይነፍገዋል፤ የፊቱም ብቻውን ይለፋል። ሸራ መቶ ጊዜ ቢለወጥ ይህን አያድነውም። መድኃኒቱ ዘንጉን ከአዲሱ ቁመት ጋር በአምራቹ ልክ ማስተካከል ነው። ቫልቩን ነቅሎ መጣል የሚቀናቸው ጋራዦች አሉ፤ እንዲህ የተደረገ መኪና ባዶውን በዝናብ ሲሄድ የኋላ ጎማው ቀድሞ ይታሰርና መኪናውን ያዞረዋል።

የአገራችን ከፍታም ድርሻ አለው። በአነስተኛ መኪናዎች እግርን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ሲሆን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ይህ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሰርቮውን ለመፈተን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ሲጠነክር እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ደህና ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቱቦውን መርምሩ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል።

ይህ ጉድለት ሁሉ የሚጋለጠው በቁልቁለት ነው። በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድም፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሻገርም የዓባይን ሸለቆ ሳይወርድ አያልፍም፤ በደጀን በኩል ያለው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ ሞተሩ ካላገዘ፣ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ከ140 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ የሚችል ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ይታገሣል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ያን ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ይሸሻል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። እንግዲህ ማርሽ መቀነስ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ያጋጠመው ሰው፣ ዝም ብሎ ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

በመሥሪያ ቤት ፒካፕ ወደ ገጠር የምትወጡ ወጣት ሠራተኞች፣ ቦሎ መለጠፉን አይታችሁ ብቻ አትሳፈሩ፤ ባሌስትራው ከቦሎው በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። «ጋሼ፣ ባሌስትራው ከተጨመረ ወዲህ የኋላው ዘንግ ተስተካክሏል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ዘንጉ ከኋላው አክስል በላይ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በባትሪ ላየው ይታያል።