የጣና ዓሣ ጥበቃ በክረምት ይፈተናል

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ከዓላማዎቹ አንዱ የዓሣ ብዝሃ ሕይወትን መጠበቅና ከመጠን ያለፈ ማስገርን መከላከል ነው። በጣና ሐይቅ ግን ሕጉ በተግባር የሚፈተነው በክረምት ነው።

ከሐይቁ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች የተወሰኑት በክረምት ወራት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ግልገል አባይ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ወቅት በወንዞቹ መግቢያ የሚዘረጋ መረብ እንቁላል የያዘችውን ዓሣ ስለሚይዝ የሚጎዳው የቀጣዮቹ ዓመታት ምርት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የእነዚህ ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ጥናት አመልክቷል።

ኃላፊነቱ የአስጋሪው ብቻ አይደለም። ግልገል አባይ የሚነሳው ከምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ ሲሆን፣ ከተራቆተ መሬት የሚታጠበው ደለል ዓሣው እንቁላል የሚጥልበትን ጠጠር ይሸፍናል። በመሆኑም በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ እርከን የዓሣ ጥበቃም ነው።

በሌላ በኩል ክልከላው የአስጋሪውን ቤተሰብ ገቢ በክረምት የሚያቋርጥ እንደመሆኑ፣ አማራጭ ገቢ ሳይዘጋጅ በቁጥጥር ብቻ ዘላቂ ውጤት ማምጣት ያዳግታል። ስለሆነም የሐይቁ ዳርና የላይኛው ተፋሰስ ወረዳዎች ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ በጋራ ማቀድ ይጠበቅባቸዋል።