ሬሳ የሚጠብቅ ዕድር

በውጭ አገር ዕድር ስናቋቁም የመተዳደሪያ ደንባችን ሀሁ ሞት ነው። አባል ሲሞት ይህን ያህል፣ ወላጅ ሲሞት ይህን ያህል፣ አስከሬን አገር ቤት ለመሸኘት ይህን ያህል። ደግ ሥራ ነው፣ አይነቀፍም። የሚነቀፈው፣ ያው አባል በሕይወት ሳለ ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት ሲመጣበት ዕድሩ ስልክ አለመደወሉ ነው።

ለምን ሲባል፣ «እዚህ እኮ መንግሥት አለ፣ እሱ ያስጠነቅቃል» ይሉናል። መኖሩንስ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የስፔን ሜትዎሮሎጂ ለቫሌንሲያ ቀዩን ማስጠንቀቂያ ያወጣው በጠዋት ነበር። የክልሉ አስተዳደር መልእክት ነዋሪው ስልክ ላይ የደረሰው ግን ከምሽቱ 2፡11 ነው። ጎርፉ ቀድሞ ስንቱን ሰፈር አጥለቅልቆት ነበር። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ አጠገብ አልታዴና ላይ እሳቱ የተነሣው አመሻሽ ላይ ሲሆን፣ ምዕራባዊው ሰፈር «ውጡ» የተባለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ የዚያ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም አዛውንት።

መልእክቱ በጊዜ ቢደርስስ በምን ቋንቋ? በ2021 የአይዳ ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ የስልክ ማስጠንቀቂያ የመጣው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነበር። በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱን ውኃው የያዛቸው ቤዝመንት ውስጥ ነው። እስቲ ከመካከላችን የአሜሪካ ኑሮውን ቤዝመንት ተከራይቶ ያልጀመረ ስንቱ ነው?

እኛ የምንነቃው በማግስቱ ነው። ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ ሊንኩ በየቴሌግራሙ ይዞራል፣ ዘመድና ወዳጅ የበዛለት ይሞላለታል፣ ብቸኛው ባዶ እጁን ይቀራል። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት እንደማይሸፍን፣ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ካልሞላው እንደማይሠራ በስንቱ ጉባኤ ተነግሯል? ስለ አዳራሽ ኪራይ ግን ሁለት ሰዓት እንከራከራለን።

«ዕድር የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት የሌለው መዝገብ በዕድሩ ጸሐፊ እጅ አለ። የልጅ ልጆቿን ለመጠበቅ የመጣችውና ቋንቋውን የማትሰማው እናት የት እንዳለች፣ መኪና የሌለው ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን ስልኩን ዘግቶ የሚተኛው የትኛው ታክሲ ነጂ እንደሆነ ያውቃል። ይህንን ሁሉ እያወቀ የሚደውለው ለመርዶ ብቻ ነው።

ስለዚህ የዕድር ሊቀ መናብርት ሆይ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ለየትኛው ቤት ማን እንደሚደውል፣ ስልኩ ካልተነሣ ማን ሄዶ በር እንደሚያንኳኳ በስም ይጻፍ።