መዝገቡ በራሱ ይፋቅን?

የፊተኛው ጸሐፊ ቃል

ቆሼ የምንለውን የረጲን የቆሻሻ ክምር የሚያውቅ ሰው ጐረቤቱን ዘነበ ወርቅንም ያውቃል፤ ዛሬ አለርት የሚባለው ሐኪም ቤት የቆመበት ያ ስፍራ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ከከተማው ርቀው የተጠለሉበት ነበርና፥ ከተማው ጉድፉን የሚጥልበት በፈለገ ጊዜም የጣለው በእነርሱ ዳር ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ግን ካህኑ ከሰፈር ወጥቶ አይቶ መንጻቱን ከመሰከረለት በኋላ፥ ያ ሰው ልብሱን አጥቦ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል እንጂ፥ የዱሮ ደዌው የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ በየደጁ እንዲዞር አልታዘዘም።

ሕግ አውጪዎቻችንም ይህን ምሥጢር አልዘነጉትም። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ እርሱንም የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፥ መሰየም በሚባለው ሥርዐት፥ ጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው አምስት ዓመት፥ ሌላው ሁለት ዓመት ያህል ጠባዩ ሳይነቀፍ ከቆየ ያጣው መብት እንዲመለስለት፥ ፍርዱም ከመዝገብ ተሰርዞ ለወደ ፊቱ እንዳልነበረ እንዲቈጠር ደንግገዋል፤ ከዚያ ወዲያ በክፋት አንሥቶ የሚዘልፈው ሰው ቢኖር ዘላፊው ራሱ በወንጀል ይጠየቃል። ምንኛ ያማረ ሕግ ነው! ዳሩ ግን ደጁ የሚከፈተው ላመለከተ ብቻ ነው።

በቆሼ ብረትና ፕላስቲክ ለቅሞ ለምናለሽ ተራ ነጋዴ የሚሸጥ አንድ ጐልማሳ፥ በአፍላነቱ የመዳብ ሽቦ ሰርቆ ስምንት ወር ታስሮ የወጣ ነው እንበል። ለጥበቃ ሥራ ሲቀርብ ተያዥ እንኳ ቢያገኝ አሻራ ስጥ ይባላል፤ አሻራውም የዱሮውን ይናገርበታል። መሰየም የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረው? ቢሰማስ ለራፖር ጸሐፊ የሚከፍለውን፥ በየቀጠሮው የሚውልበትን የቀን እንጀራ ከወዴት ያመጣዋል? በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1096 ምሕረት በተሰጠ ጊዜ በመንግሥት ላይ በመነሣት የተፈረደባቸው ሰዎች ፍርዳቸው እንዳልነበረ ተቈጠረ፤ እኔም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ታዲያ ጦር ላነሣው ሰው የተፋቀው መዝገብ፥ ሽቦ ላነሣው ሰው ዘመኑ ሲደርስ ያለ ማመልከቻ ለምን አይፋቅለትም? እንግሊዞች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1974 ባወጡት ሕግ ቀላል ፍርድ የተወሰነለት ጊዜ ሲፈጸም በራሱ ያረጃል።

የኋለኛው ጸሐፊ ቃል

ወዳጄ ከኦሪት የጠሩት ምስክር የተቈጠረው ለእርስዎ ሆኖ ሳለ የመሰከረው ለእኔ ነው። ካህኑ ወጥቶ አይቷል፤ ያ ሰው ወደ ሰፈር ከገባም በኋላ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጧል፤ ቀን በመቍጠር ብቻ የነጻ ለምጻም ግን በኦሪት አልተጻፈም።

የሽቦው ባለቤትስ ማን እንደ ነበረ ለምን አልነገሩንም? በዚያ ሰፈር የሚሰረቀው ከባለጸጋ ብቻ አይደለም፤ ምናልባት አንዲት የጉልት ቸርቻሪ በጨለማ ያደረችበት ሽቦ ይሆናል። ሕጋችን አመልካቹ በፍርድ የተወሰነበትን ካሣ እንደ ዐቅሙ መክፈሉን የሚጠይቀው ስለ እርሷ ነው፤ ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለቤቱ መዳን ከመነገሩ አስቀድሞ ነው። መዝገቡ በቀን መቍጠሪያ ከተፋቀ ይህን የሚመረምር ማን ይሆናል? የእንግሊዞቹም ሕግ ሕፃናትን ሊጠብቅ ለሚቀጠር ሰው ያረጀውን ፍርድ እንደሚያስነሣበት ባይዘነጉብኝ እወድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ነፍስ በቀበረ ጊዜ፥ ከተማው ለዐምሳ ዓመት ያህል ጣልሁት ያለው ሁሉ ከስፍራው እንዳልተንቀሳቀሰ ታየ። የሰው ስምም እንደዚሁ ነው፤ ወረቀቱ በዝምታ ቢፋቅ ሰፈሩ አይፋቅም፥ የጠላ ቤት ሐሜት አሻራ አይጠይቅምና። በችሎት የተሰየመ ሰው ግን ሐሜተኛውን ዳኛ መርምሮ መስክሮልኛል ብሎ አፉን የሚያስይዝበት ቃል በእጁ አለው። እርስዎ ሸክም ያሉት ማመልከቻ ለእኔ ክብሩ ነው። ስለ ራፖር ጸሐፊው ዋጋና ስለ ቀጠሮው ያሉት እውነት ነው፥ አልክድም፤ እንግዲያው ታራሚው ሲፈታ የሚሰየምበት ቀን ይነገረው፥ ቀኑ ሲደርስም ማረሚያ ቤቱ ወይም ዐቃቤ ሕጉ ስለ እርሱ ያመልክትለት። ሸክሙ ከትከሻው ይውረድ፥ ምርመራው ግን አይቅር።

የፊተኛው ጸሐፊ አጭር መልስ

ወዳጄ እስከዚህ ከመጡ ክርክራችን የአንድ ርምጃ ነው። አምስቱንም ሁለቱንም ዓመት ያ ሰው ምን በልቶ እንደሚጠብቅ አልነገሩኝም፤ አሻራ እጅግ የሚያስፈራው ከወኅኒ በወጣበት ሰሞን ነውና። ስለ ኦሪቱ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለምጻሙን ሌሎች ወደ ካህኑ ያመጡታል እንጂ ደጅ እንዲጠና አልታዘዘም፥ ካህኑም ከሰፈር ወደ ውጭ ይወጣለታል። እኔ በዚህ ሰፈር ስኖር፥ ዳኛ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ እስከ ቆሼ ሲወጣ አላየሁም።