ጤፍን የፈለሰፈው ሰውዬ

እኛ ያለነው ከጉና ሥር ነው። ጥር ላይ የጉና ነፋስ ደርቦ ያልወጣውን ሰው ከደጁ ይመልሰዋል። ደግነቱ ውቂያው አልቋል፤ ገለባው ተከምሯል፤ እህሉም ጎታ ገብቷል። ጨዋታ የሚደምቀው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

ዘንድሮ ያጫወተን ወሬ አዲስ አይደለም። እኔም በጊዜው ጋዜጣ ላይ አይቼው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብዬ ያለፍኩት ነው። ሕግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ፣ አክስቴ ቤት አንድ ላይ ቡና ስንጠጣ ነገሩን እንደገና ቀሰቀሰው። «እማማ፣ የጤፍን ዱቄት የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ወረቀት ያወጣ የሆላንድ ሰው እንደነበረ ያውቃሉ?» አላቸው።

አክስቴ የሚኖሩት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ እስቴ መውረጃ ነው። ጤፍም ገብስም ያርሳሉ። ረከቦቱ ላይ ያለውን ሲኒ እያቀረቡ «ምነው ልጄ፣ ጤፍ ደግሞ ይፈለሰፋል?» አሉ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። እውነት መሆኑን ሲያውቁ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ደግሞ ከቁጣቸው ይከብዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት «ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዘር ያገኛል፤ ግሉተን ለማይስማማቸው አውሮፓውያን የሚሆን ምግብ ይሠራበታል፤ ከሚያገኘው ጥቅም ለኢትዮጵያ ያካፍላል። ውሉ በወረቀት ሲታይ ያማረ ነበር። ሀብታምና ድሃ አገር የተፈጥሮ ሀብትን እንዴት እንደሚካፈሉ የሚያሳይ ምሳሌ ነው ተብሎ በየስብሰባው ይነሳ ነበር አሉ። ችግሩ፣ ኩባንያው ገና ውሉ ሳይፈረም በጤፍ ዱቄትና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መብቱን ሰጠው።

እንግዲህ «ፈጠራው» ምን እንደሆነ ስሙልኝ። ጤፍ ታጭዶ ወዲያው ከተፈጨ ዱቄቱ ጥሩ አይሆንም፤ ከአጨዳ በኋላ ጥቂት ከርሞ ሲፈጭ ግን ለመጋገር ይመቻል። ይኸው ነው። ይህን ለመለካት የሚጠቀሙበት መሣሪያ አለ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ቱቦ ውስጥ ያሞቁታል፤ ከዚያ አንድ ዘንግ በጥብጡ ውስጥ አልፎ ታች እስኪደርስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይቆጥራሉ። ፓተንቱ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነ ዱቄት የእኔ ነው ይላል። 

የእህቴ ልጅ ይህን ሲያብራራ አክስቴ በጥሞና አዳመጡት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አዲስ ጤፍማ ውሃ አያነሳም። ሊጡ ይሟሟል፤ እንጀራው ምጣድ ይይዛል፤ ዓይን አያወጣም። ጎታ ውስጥ ትንሽ ይክረም እንጂ!» ዘንግ የላቸውም። ሰከንድም አይቆጥሩም። እጃቸውን ሊጡ ውስጥ ነክረው ያወጡና ከጣታቸው ላይ እንዴት እንደሚወርድ አይተው ይፈርዳሉ። ይህን ከእናታቸው ተማሩ፤ እናታቸውም ከእናታቸው።

ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ታዲያ ለሰውየው ይህን ማን ነገረው?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሕግ ተማሪው መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝም።

የተማሪው መከራከሪያ ግን ልብ የሚባል ነው። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፤ ደግሞም ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ላልሆነ ነገር። ቀድሞ የታወቀ ከሆነ አይሰጥም። መርማሪው ታዲያ የታወቀውን ካልታወቀው የሚለየው በምን ነው? ቢሮው ተቀምጦ መዛግብትና ጥናታዊ ጽሑፍ ያገላብጣል። የአክስቴን ጎታ ከፍቶ አያይም። የእኛ ሴቶች እውቀት ደግሞ ያለው እዚያው ጎታና ሊጥ ውስጥ ነው። በወረቀት ዓይን ሲታይ የአክስቴ እናት ኖረውም አያውቁ።

ይህ ነገር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ጋፋት ከከተማችን ጥግ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። ስለዚያ ሥራ ዛሬ የምናውቀውን ብዙውን ነገር ያገኘነው እዚያ የነበሩት አውሮፓውያን ከጻፉት ነው። የቫልድማየርን ስም የተማረ ሁሉ ይጠራዋል። ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ የነፋው፣ ያን ሁሉ ብረት ያጋዘው ያገሬ ሰው ስሙ ማን ነበር? ያልጻፈ ሰው በሌላው መጽሐፍ ውስጥ «ሠራተኞች» ሆኖ ይቀራል።

ወደ ጤፉ ልመለስ። የተባለው ጥቅምስ ደረሰን ወይ? ነገሩን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት ኢትዮጵያ በእጇ የገባው 4 ሺህ ዩሮ አካባቢና ተጀምሮ የቆመ ትንሽ የምርምር ሥራ ነው። በአገሪቱ ጤፍ የሚያርሰው ቤተሰብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ገንዘቡ ይካፈል ቢባል ለአንዱ ቤት አንድ ሳንቲም መድረሱን እንጃ። በ2001 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰርኩ አለ። ውሉም አብሮ ሞተ፤ ፓተንቱ ግን አልሞተም። «ኤንሸንት ግሬይን» ወደተባለ ሌላ ድርጅት ተሻገረ። አዲሱ ባለቤት ከእኛ ጋር ውል አልነበረበትም፤ ወረቀቱ ግን ነበረው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ብልጠት ገበያ ላይ አውቀዋለሁ። ዕዳውን ለሞተው ወንድሙ ትቶ በሬውን ይዞ የሚሄድ ሰው አለ።

መጨረሻው ግን ያስቃል። ባለ ፓተንቱ ድርጅት «ያለ ፈቃዴ የጤፍ ምርት ሸጠሃል» ብሎ ባኬልስ የተባለውን የዳቦ ግብዓት ነጋዴ ከሰሰ። ባኬልስ ዝም ብሎ አልከፈለም፤ «ይህ ምኑ ነው ፈጠራ?» ብሎ ተከራከረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት «ልክ ነህ፣ ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ፓተንቱን ለኔዘርላንድስ ዋጋ አሳጣው። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ እልል ተባለ። «ጤፋችን ተመለሰ» ተባለ።

እኔ ግን እልል ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። በዚያ ችሎት ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት የውጭ ነጋዴዎች ተጣልተው፣ አንደኛው ኪሱን ሊያድን ሲል ለጤፍ ተሟገተለት። ባኬልስ «ይሁን፣ የፈቃዱን ክፍያ ልክፈል» ብሎ ታርቆ ቢሆን ኖሮስ? 

ፈጠራ ካሉስ እኔ ፈጣሪዎችን አውቃለሁ። ሰጋቱራና ጀሶ ከዱቄት ጋር ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩ የተያዙ ሰዎችን ዜና ሰምታችሁ የለ? ከእነርሱ በፊት ማንም ያላሰበው ነገር ነው። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ አይደለም፤ አክስቴን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ፓተንት የሚገባው ለእነርሱ ነበር፤ ወህኒ ቤት ሆነው ይቀበሉት።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ወሬ ተነስቶ «ዘራችንን ለፈረንጅ አናሳይ» ይላል። በዚህ አልስማማም። ዘር ሲጓዝ የኖረ ነገር ነው። የጉና ገበሬ ያለ ድንች ምን ይበላል? ድንች ግን የጉና ልጅ አይደለም፤ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አገራችን እንዳመጣው ይነገራል። ቁልቁል ፎገራ ብትወርዱ ሜዳው ሩዝ ነው። ያም በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ ነው። ዛሬ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ የማይጋገርበት ቤት ጥቂት ነው። ኮሪያዎቹ መጥተው «የሩዙን ድርሻ አምጡ» አላሉንም። የፈረንጅ ላም ያረባው ጎረቤቴም ወተትን የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ ብሎ አያውቅም።

እኛም ሰጥተናል፤ ያውም ብዙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን የሚያቀጭጭና ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ገብቶ ገበሬውን ሲያስለቅስ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። በሽታውን የሚቋቋመው ዘረመል ከእኛ ገብስ ተወስዶ ከእነርሱ ገብስ ጋር ተዳቀለ። እስከ ዛሬ ያገለግላቸዋል። መልካም፣ ይብሉ፤ ጠላም ከጠመቁበት ይጠጡ። የተራበ ሰው የማንም ይሁን የማን እህል ቢበላ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ መስጠቱ ሳይሆን፣ ሰጪው ማን እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ጣቴን ወደ ሆላንድ ብቻ መቀሰር አልችልም። ከእኛስ ወገን አክስቴን የጠየቀ ማን አለ?

ገብሱን ልንገራችሁ። በጉና ወገብ ላይ የሚዘራ «ሰነፍ ቆሎ» የሚባል ገብስ አለ። ስሙ ስድብ ይመስላል እንጂ ሙገሳ ነው። ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ እንደ ሌላው ብዙ መሸክሸክ አይፈልግም፤ ለሰነፍ ሴትም ይመቻል ለማለት ነው። (ወንዱ ሸክሽኮ የሚያውቅ ይመስል ስሙን ያወጣው ወንድ ነው ይላሉ አክስቴ።) ጥቁር ገብስም አለ፤ ለጠላ ከእርሱ የሚወዳደር የለም። የአክስቴ እናት በዘመናቸው ከአንድ እጅ በላይ የገብስ ዓይነት ለይተው ያስቀምጡ ነበር። ይህ ለውርጭ፣ ያ ለቶሎ ደራሽ፣ ይኼኛው ለበሶ እያሉ። 

አንድ የግብርና ባለሙያ ከዓመታት በፊት መጥቶ «ይህን አሮጌ ዘር ተዉት፣ ምርጥ ዘር እንስጣችሁ» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ምርጥ ዘሩም ዝናቡ ሲያምር በእርግጥ የተሻለ ሰጠ። ግን «ይህን ጥቁር ገብስ ለምን ያስቀምጡታል? ምን ያውቁለታል?» ብሎ አልጠየቃቸውም። እርሳቸውም ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ልማዳችን ነው። ከዚያ ማሳው እየጠበበ ሄደ፤ ግማሹ ድንች ሆነ፤ ዳሩ ባህር ዛፍ ሆነ። ልጆቹ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ወጡ። ሊጡን በጣት የሚለካ ሰው በዚያ ቤት አሁን አንድ ብቻ ነው፤ እርሳቸውም ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው።

በአገራችን መንገዱን ያሳየ ሰው አልጠፋም ነበር። ዶክተር መላኩ ወረደ የአዲስ አበባውን የዘር ባንክ ሲመሩ ዘሩን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም ብለው፣ ገበሬው በገዛ ማሳው ዘሩን እያራባ እንዲጠብቅ አብረውት ሠሩ። ለዚህም በ1982 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ማቀዝቀዣ ዘሩን ያቆያል። «አዲስ ጤፍ ውሃ አያነሳም» የሚለውን ቃል ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ስለው ትንሽ ተቆጣ። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ። እንግዲህ አንተ ሕግ ትማራለህ፤ ጓደኞችህ ግብርና ይማራሉ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ከበይነ መረብ ላይ ርዕስ ከምትቃርሙ፣ ደብተር ይዛችሁ እዚህ በርጩማ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጡ አልኩት። የሴትዮዋን ስም፣ ቀበሌዋን፣ ቀኑን፣ ያለችውን በአፏ ቃል ጻፉ። ነገ አንዱ ተነስቶ «በሶን ፈለሰፍኩ» ሲል መርማሪው የሚያገላብጠው ወረቀት ይኑር። ምናልባት ይህ ሥራ የፕሮፌሰር ሥራ አይመስላችሁም። የሄጉ ችሎት የመረመረው ጉዳይ ግን ይህን ይነካል፤ ይህ ፈጠራ ነው ወይስ አይደለም?

ልጁ በማግስቱ ስልኩን አውጥቶ የአክስቴን ድምፅ ይቀዳ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ስለ ሠርጋቸው ወሬ ነው፤ ሌላው ግማሽ ስለ እርሾና አብሲት። በሁለተኛው ቀን ጎታው ተከፍቶ ከታች በኩል በጨርቅ የተቋጠረ ሰነፍ ቆሎ ወጣ። እኔ አለ ብዬም አላሰብኩ። በየዓመቱ ጓሮ ላይ በትንሽ መደብ እየዘሩ ነው ያቆዩት፤ ለማንም አልተናገሩም።

አሁን አንድ እንቅብ ያህል አለ። ለሚመጣው ክረምት መዝራት የሚፈልግ የአካባቢያችን ሰው ካለ ወደ እስቴ መውረጃ ብቅ ብሎ ይጠይቅ። አንድ ቁና የወሰደ በመኸር ሁለት ቁና ይመልሳል። ወረቀት አያስፈርሙም። የማን ልጅ እንደሆነ ግን ይጠይቁታል።